ባለስንጥቋን ማን ገደላት

ረቡዕ ጠዋት ዓሣዋ ከግድቡ በታች ባለው ጠጠራማ ዳርቻ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ተገኘች። ሆዷ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ሥጋዋን የነካው የለም፤ እንቁላሏ ግን ተጠርጎ ሄዷል። እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ከፊቷ የሚወጣው ረጅም አፍንጫዋ ጫፉ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ስለነበር፣ የማን ሬሳ እንደሆነ ለመናገር ምስክር አላስፈለገም።

መርማሪ ዴላ ስቴንሩድ መኪናዋን አኻያዎቹ ሥር አቁማ ስትወርድ፣ ዳርቻውን የሞሉት ዓሣ አጥማጆች ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። የሚያወራ የለም። ዴላ በሸሪፉ ቢሮ በኖረችበት ዘመን ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሰው ሞቶ እንኳ የሄልገን ከተማ እንዲህ ጸጥ ሲል ግን አላየችም።

"ባለስንጥቋ ናት" አለ አንድ ጢማም ሰውዬ፣ ሳይጠየቅ።

"አይቻለሁ።"

"ይሄን ያደረገውን ስታገኚው መጀመሪያ እኛ ጋ አምጪው።"

"መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የሚመጣው" አለች ዴላ ጎንበስ እያለች። "ለናንተ ከተረፈ እናያለን።"

በየሎውስቶን ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ባለመቅዘፊያ ዓሣን እንደ ጎረቤቱ ያውቃታል። ተራሮቹ መልካቸውን ሲቀያይሩ እሷ አልተቀየረችም ይባላል። ቅርፊት የላትም። ክብደቷ ደህና የጠገበ ጎረምሳ ያህላል። አፏን እንደ በር በርግዳ ከፍታ፣ ውሃውን እያጣራች፣ በዓይን የማይታየውን ስለምትበላ፣ ትል ሰክተህ ብታሳያት ዞር ብላ አታይህም። ስለዚህ በግንቦት ውሃው ሲሞላና ሲደፈርስ፣ የሄልገን ሰው ባለ ሦስት ጣት ትልቅ መንጠቆ ከከባድ እርሳስ ጋር አስሮ እሩቅ ይወረውርና በሙሉ ጉልበቱ እየነጠቀ ይስበዋል። መንጠቆው በዚያ ድፍርስ ውስጥ ያገኘውን ጎን ወይም ክንፍ ወይም ጅራት ይጠልፋል። ሥራው ጠለፋ ይባላል። ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ። ከአያቶቻችን የወረስነው ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚህኞቹ ይበዛሉ፣ ድምፃቸውም ይጎላል።

እንቁላሉን ለራሱ መሸጥ ለማንም አልተፈቀደም። ጠላፊው ዓሣውን ወደ ከተማው ማጽጃ ጣቢያ ይወስዳል፤ እዚያ በነፃ ይበለትለታል፣ እሱም እንቁላሉን ለጣቢያው ይተዋል። ጣቢያው በጨው አሽቶ ካቪያር አድርጎ ይሸጠዋል፣ በገቢውም የሄልገን አምቡላንስ ነዳጅ ይቀዳል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ይጠገናል።

ባለስንጥቋ ብቻ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበረች። የጀልባ ሞተር ይሁን ሌላ፣ አፍንጫዋን ምን እንደሰነጠቀው የሚያውቅ የለም። የጠለፋት ሁሉ ይለቃታል። ይሄ ሕግ አልነበረም፣ ልማድ እንጂ። ሰውየው ወንዙ ውስጥ እስከ ወገቡ ይገባና እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ጉልበቷ እስኪመለስ ይዟት ይቆያል። ከዚያ በዚያው ሳምንት ለመላው ዳርቻ ሩባርብ የሚባል ጎምዛዛ ተክል በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገርበትን ፓይ ይጋብዛል። ዴላ ልጅ ሆና አባቷ ጠልፎ ሲለቃት አይታለች። ዓሣዋ ከእቅፉ ስትወጣ ችኩል አልነበረችም፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደምትወጣ ትልቅ ሴት ነበር በዝግታ የሄደችው።

አሁን ያቺው ዓሣ እግሯ ሥር ተጋድማለች።

*

የዱር እንስሳት ጠባቂው ኖላን ክሩግ ከግዛቱ ዋና ከተማ የመጣ ከሳ ያለ ሰው ነው። ኮፍያውን አላወለቀም።

"ጉዳዩ አልቋል" አላት።

"ገና ጫማዬን እንኳ አላረጠብኩም።"

"ጎኗን አየሽ? ጀርባዋን? ጅራቷን? አንድም የመንጠቆ ቀዳዳ የለም። መንጠቆ ካልያዛት በመረብ ነው የወጣችው። በዚህ ወንዝ ላይ መረብ ዘርግቶ እንቁላል ሲሸጥ የተያዘ ደግሞ አንድ ሰው ነው።"

"ዌይድ ሳንድቪክ።"

"እሱው። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ነጭ የማቀዝቀዣ መኪና በወንዙ መንገድ ላይ ታይቷል። ገዢው ያ ነው። ዌይድ በገደብ ነው የተለቀቀው፤ ይሄ ከተጨመረበት ቀጥታ ወደ እስር ቤት ነው።"

"ሚስቱ ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነው።"

"ቢላ ሲያነሳ እሱን ያስብ ነበር።" ኖላን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ ዴላ፣ ሰኞ የዱር እንስሳት ኮሚሽኑ እዚህ ይሰበሰባል። ጠለፋው ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚወሰነው ያን ቀን ነው። 'ሌባው ተይዟል' ብዬ መግባት አለብኝ።"

"እስከ እሑድ ታገሠኝ።"

"እሑድ ጠዋት ካቴናውን ይዤ እሄዳለሁ።"

"ካቴናውማ አይጠፋም" አለች ዴላ። "የሚገባበት እጅ እንዳይሳሳት ነው እኔ የምፈልገው።"

*

ዌይድ ሳንድቪክ የሚኖረው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለች ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ጆሌን፣ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ይወጣል። የክኔፍላ ሾርባ ጥዳ ነበር፤ የሊጡና የድንቹ ሽታ ዴላን ምሳ እንዳልበላች አስታወሳት።

"ዛሬ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?" አለች ዴላ።

"ተኝቼ ነበር" አለ ዌይድ።

"ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር" አለች ጆሌን በዚያው ቅጽበት።

ዴላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አንዳችሁ ብቻ ዋሹ። ሁለታችሁ ስትዋሹ አይገጥምም።"

ጆሌን ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው እንባዋ መጣ። ዌይድ መሬት መሬቱን ያያል። ዴላ ግን ዓይኗ ጥጉ ላይ ወዳለው የሕፃን አልጋ ሄዷል። ያገለገለ ነው፣ ግን ጽድት ያለ፤ እግሩ ላይ የሻጯ ስምና ከተማ የተጻፈበት ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ከተማዋ ከግዛቱ ድንበር ማዶ፣ ዳኮታ ውስጥ ናት።

"ከአውራጃው እንዳትወጣ ተብለሃል አይደል?"

"ተብያለሁ።"

"የአልጋው ሻጭ ዛሬ ጠዋት እዚያ እንደነበርክ ትመሰክርልሃለች?"

"ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ደርሼ ነው የቀሰቀስኳት፤ እየሰደበችኝ ነው የሸጠችልኝ። ትመሰክራለች። ግን እዚያ መሄዴ ራሱ ያስገባኛል።" እጆቹን ዘረጋ። "ሄጃለሁ ብል እገባለሁ፤ አልሄድኩም ብል እገባለሁ። የቱን በር ልምረጥ እትዬ ዴላ?"

"መረብህስ?"

"እናንተው አይደላችሁ ያቃጠላችሁት! ከዚያ ወዲህ ውሃ እንኳ የምነካው ጣቢያው ውስጥ ጠረጴዛ ሳጥብ ነው። ሁላችን አጎቴ የምንለው ገርት ባይቀጥረኝ ኖሮ ማን ሥራ ይሰጠኝ ነበር? ቢላ እንድይዝ ሕጉ አይፈቅድልኝም፤ ሆድ ዕቃ እጭናለሁ፣ ወለል አጥባለሁ። ዓሣዋን እኔ ብገድላት ፊቱን እንዴት አየዋለሁ?"

ዴላ ስትወጣ ጆሌን በሩ ላይ እጇን ያዘች። "ልጁ ሲወለድ አባቱ ይኖራል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

ዴላ ቃል መግባት አትወድም። እጇን ጨብጣ ሄደች።

*

ሬሳውን የከተማው ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ዴላ ካፖርቷን ቆልፋ ገባችና በእጅ መብራት ዓሣዋን ከአፍንጫዋ ጀምራ ቀስ እያለች አየቻት።

መጀመሪያ የመረቡ ነገር ወደቀ። የባለመቅዘፊያ አፍንጫ ቆዳው ስስ ነው፤ መረብ ውስጥ የገባች ዓሣ ስትታገል በገመድ እንደታሰረ እጅ ይላጣል። የዌይድን ጉዳይ በያዘችበት ጊዜ እንደዚያ የተላጡ ዓሦች አይታለች። የባለስንጥቋ አፍንጫ ግን ከድሮ ስንጥቋ በቀር ጭረት የለበትም።

ቀጥሎ ግራ ጉንጯ ላይ ቆመች። መተንፈሻዋን የሚሸፍነው ሰፊ ክዳን ከነሥሩ ተቆርጧል፣ ከሥሩ ያለው ቀይ መተንፈሻም እንዲሁ። እንቁላል የሚፈልግ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ቢላ ያስገባል?

ከዚያ አፏን ከፈተች።

ከታችኛው መንጋጋ አንድ ቁራጭ የለም። አልተሰበረም፤ ሁለቴ በንጽሕና ተቆርጦ ወጥቷል።

ዴላ ብርዱን ረሳችው። ማጽጃ ጣቢያው ውስጥ ከሚበለተው ዓሣ ሁሉ ያቺ ቁራጭ ትወጣለች። የሳይንስ ሰዎች እንደ ዛፍ ግንድ ሰንጥቀው ቀለበቷን እያዩ ዕድሜዋን ይናገራሉ። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ መንጋጋ፣ ወደ ባልዲው፣ ከዚያ ሌላው ሥራ። ለሌባ ያቺ አጥንት ምንም አታደርግለትም። ሌባ እንዲህ አይቆርጥም። እንዲህ የሚቆርጠው እጁ ሳያስፈቅደው የሚሄድ ሰው ነው።

ለኖላን ደውላ ነገረችው። "ዌይድም እኮ እዚያ ነው የሚሠራው" አላት።

"ቢላ አይሰጡትም።"

"ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያያል። ዓይን አለው። አመሰግናለሁ ዴላ፣ ገመዱን አጠበቅሽልኝ።"

ስልኩን ዘግታ ቆመች። ያገኘችው እውነት ዌይድን ይበልጥ አነቀው።

*

ወይዘሮ ኢሞጅን ፋርስታድ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የሄልገንን ልጆች ግማሹን አስተምራለች፣ ዴላንም ጨምሮ። አሁን ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ትኖራለች፤ በየሳምንቱ ለጋዜጣው ጠለፋን የሚቃወም ደብዳቤ ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት "ባለስንጥቋ ስትሞት ያኔ ይገባችኋል" ብላ ጽፋ ከተማው ጥርስ ነክሶባታል።

"ልትይዢኝ ነው የመጣሽው?" አለች በረንዳዋ ላይ፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን ከዓይኗ ሳታወርድ።

"ደብዳቤዎን አንብቤ ነው ወይዘሮ ፋርስታድ።"

"ነጠላ ሰረዝ ረስተውብኛል። ተቀመጪ።" መነጽሩን አወረደች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። "እኔ ያቺን ዓሣ ልግደል? አንድ ሰው ጎኔ ላይ መንጠቆ ወርውሮ ቢስበኝ እጮኻለሁ። እሷ ድምፅ የላትም። ስለሷ ነው የምጮኸው።"

"ጠላፊዎቹም ይወዷታል።"

"ይወዷታል እንጂ! እሱ ነው የሚያናድደኝ። ገርት ኦክስን ተመልከቺ። በዚህ ወንዝ ላይ እሱን የሚያህል ዓሣ አዋቂ የለም፣ ከሱ የበለጠ የሚወዳትም የለም። ያ ሰውዬ አንዴ እጄን ይዞ ውሃ ውስጥ አስገብቶ የአንዷን ጀርባ አስነክቶኛል። ሐር ነው የሚመስለው። ተጣልተን እንኳ ያን ቀን አልረሳሁለትም።"

ዴላ ፈገግ አለች። "ረቡዕ ጠዋት ምን አዩ?"

"ጉም ነበር፣ ሰው አላየሁም። ወፎቹን ግን አየሁ። ነጫጮቹ የውሃ ወፎች ከግድቡ በታች ያለው አዙሪት ላይ እንደ ሠርግ ቤት ተሰብስበው ይጮኻሉ። እንደዚያ ሲሻሙ አይቼ አላውቅም። ጠልቀው አንድ ነገር ለቅመው ይወጣሉ።"

ዴላ አዙሪቱ ጋ ወርዳ በአኻያዎቹ ሥር መካከል እጇን ሰደደች። ሥሮቹ ላይ ተለጥፈው የቀሩ ጥቋቁር፣ የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች በመዳፏ ወጡ። የባለስንጥቋ እንቁላል ነው። በየሬስቶራንቱ ሰዎች በትንሽ ማንኪያ የሚቀምሱት፣ ሌቦች እስር ቤት የሚገቡለት እንቁላል ወንዝ ውስጥ ተደፍቷል።

መዳፏን ውሃው ውስጥ ከፍታ ለቀቀችው። ገዳዩ ማንም ይሁን ማን፣ ገንዘብ አልፈለገም።

*

ቅዳሜ ጣቢያው ይጨናነቃል። ገርት ኦክስ ከሁሉም ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትከሻው ጎብጧል፣ ቅንድቡ እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ እጁ ግን የወጣት ነው። ዴላ ግድግዳውን ተደግፋ አየችው። አንድ ዓሣ ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ቢላው ቀድሞ አፏ ውስጥ ነው፤ ሁለቴ ቆረጥ፣ ቁራጯ ባልዲው ውስጥ ጠብ። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ከባለዓሣው ጋር ስለ ዝናብ ያወራል፣ እጁን አያየውም። እንዲህ ያለ እጅ ሲሠራ ማየት ዘፈን እንደ መስማት ነው። ጠላፊዎቹም ዓሣቸውን ረስተው እሱን ያያሉ።

"አጎቴ ገርት።"

"ዴላ ልጄ! ዌይድን አስለቀቅሽልኝ?"

"ገና አልታሰረም። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እርስዎ የት ነበሩ?"

ቢላው ለአፍታ ቆመ። "እዚሁ። ጨው እያዘጋጀሁ።" መልሶ መቁረጥ ጀመረ፣ አሁን እጁን እያየ።

ዴላ ስትወጣ ጓሮው ላይ አንድ ነጭ የማቀዝቀዣ መኪና ወደ ኋላ እየገባ ነበር። ሹፌሩ፣ ሬይ የሚባል ወፍራም ሰውዬ፣ መታወቂያዋን ሲያይ ሁለት እጁን አነሳ።

"በረዶ ነው የምሸጠው! በረዶ! አንዱ ጠባቂ ትናንት አስቁሞ 'ካቪያሩን የት ደበቅከው' ብሎ ግማሹን ጭነት አስወረደኝ፤ ቀለጠብኝ። ማን ይክፈለኝ?"

"ረቡዕ ጠዋት በወንዙ መንገድ የሄድከው አንተ ነህ?"

"እንደ ሁልጊዜው ጎህ ሲቀድ። ሽማግሌው ሁሌ በሩን ከፍቶ ቡና ይዞ ይጠብቀኛል። ረቡዕ ግን አንኳኳሁ፣ አንኳኳሁ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን እርግቦች እንኳ ሰለቸኋቸው። ማንም የለም። በረዶውን በር ላይ ደርድሬ ሄድኩ። ሲቀልጥ ደግሞ 'ሬይ ውሃ ይሸጣል' ይሉኛል።"

ዴላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ላይ ደርሷል። መድረስ የማትፈልገው ቦታ ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ገርት ሁልጊዜ የሚወረውርባት ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይጓዛል። አጠገቡ የማጥመጃ ዘንግ የለም።

"ዘንግዎስ አጎቴ ገርት?"

"አረጀሁ።"

"እስከ ማክሰኞ አላረጁም ነበር።" አጠገቡ ተቀመጠች። "ረቡዕ ሬይ በረዶውን በር ላይ ጥሎ ሄዷል። ጣቢያው ውስጥ አልነበሩም። እንቁላሉ አዙሪቱ ውስጥ ነው፤ ሊሸጥ የፈለገ ሰው አይደፋውም። የመንጠቆ ቀዳዳ ያልተገኘው ቀዳዳው ያለበት ቦታ ተቆርጦ ስለተጣለ ነው፣ መተንፈሻዋ ጋ። መንጋጋዋ ደግሞ..."

ሽማግሌው እጁን ኪሱ ከተተና መሐረብ አወጣ። ሲፈታው ቁራጯ አጥንት ውስጡ ነበረች፣ ታጥባ፣ ነጭ።

"እሷን እኔ አላወጣኋትም ዴላ። እጄ ነው ያወጣት። ቤት ገብቼ ሽርጤን ስሰቅል ኪሱ ውስጥ አገኘኋት። ልጥላት ብዬ ሦስቴ ወንዙ ጋ መጣሁ። አልቻልኩም።"

አጥንቷን መልሶ በመሐረቡ ጠቀለላት።

"ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንዴ ልወርውር ብዬ መጣሁ። ጉም ነበር። ያዘ። ስትመጣ ስንጥቋን አየሁና ደስ አለኝ፤ ታምኛለሽ? ፓዩን ማን እንደሚጋግርልኝ አስብ ነበር። ከዚያ ውሃው ሲቀላ አየሁ። መንጠቆው መተንፈሻዋ ውስጥ ገብቷል። አቅፌ ያዝኳት፣ እግሬም እጄም እስኪደነዝዝ። ተገለበጠች። አቃናኋት። ደግሞ ተገለበጠች።" እጆቹ አሁንም የሆነ ነገር የያዙ ይመስል ተዘርግተዋል። "ከዚያ ከበደችኝ። አንድ ነገር እቅፍሽ ውስጥ ሲሞት ይከብዳል።"

"ለምን አልተናገሩም?"

"ዕድሜዬን ሙሉ 'ጠለፋ አይገድላትም፣ ቁስሏ ይሽራል' እያልኩ ኖሬ! ሰኞ ኮሚሽኑ ፊት የከተማው ተናጋሪ እኔ ነኝ። ሌባ ገደላት ቢባል ሰው በሌባ ይናደዳል። ገርት ኦክስ በመንጠቆው ገደላት ቢባል ግን ጣቢያውም ያበቃለታል፣ አምቡላንሱም ይቆማል። ስለዚህ ሌባ ፈጠርኩ።"

"ለፈጠሩት ሌባ ሰው ተገኘለት።"

ገርት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ልጁ እንደሚጠረጠር አላሰብኩም። የውጭ ሰው ይላሉ ብዬ ነበር። ስሰማ ደግሞ ሰኞ እስኪያልፍ ብቻ ዝም ልበል አልኩ።"

"ኖላን ነገ ጠዋት ካቴና ይዞ ይሄዳል። ጆሌን በሩ ላይ እጄን ይዛ ልጁ አባት ይኖረዋል ወይ አለችኝ። ምን ልበላት?"

ወንዙ ውስጥ፣ እሩቅ፣ አንዲት ባለመቅዘፊያ ግማሽ አካሏን ከውሃ አወጣችና በከባድ ድምፅ ወደቀች። ሁለቱም ዞረው አዩ። ሁለቱም ሳያስቡት ነው የዞሩት።

"ለምን እንደምትዘል እስከ ዛሬ አልገባኝም" አለ ገርት በቀስታ።

ዴላ ተነሳች። "ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኖላንን ይዤ ዳርቻው ላይ እመጣለሁ። ወይ እኔ እነግረዋለሁ፣ ወይ እርስዎ ቀድመው ይነግሩታል።"

አጥንቷን አልወሰደችም።

*

እሑድ ኖላን ካቴናውን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። "ስሙን ብቻ ንገሪኝ" እያለ ከዴላ ኋላ ኋላ ይራመዳል። ከአኻያዎቹ ሲወጡ ሁለቱም ቆሙ።

ጠጠሩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከዳር እስከ ዳር የሩባርብ ፓይ ነው። ጠላፊዎቹ ዘንጋቸውን ይዘው ከበውታል፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ የሚነካው የለም። ዌይድና ጆሌን ጥግ ላይ ቆመዋል። ከድልድዩ በኩል ወይዘሮ ፋርስታድ በከዘራዋ እየተደገፈች ትመጣለች።

"ምን ቀልድ ነው?" አለ ጢማሙ ሰውዬ። "ባለስንጥቋ ሞታለች። ማን ጠልፎ ነው የሚጋብዘን?"

ገርት ኦክስ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ሽርጡን ለብሷል።

"ልማዱን ታውቁታላችሁ" አለ። "ባለስንጥቋን የጠለፈ ይጋብዛል። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የጠለፍኳት እኔ ነኝ። መንጠቆዬ መተንፈሻዋ ውስጥ ገባ። ልለቃት ያዝኳት፣ አልሆነልኝም። ሆዷን የቀደድኩት፣ እንቁላሏን የደፋሁት፣ ሌባ ያስመሰልኩት እኔው ነኝ። ፈርቼ ነው። ዌይድ የለበትም።" ዌይድ ወደቆመበት ዞሮ አየ። "ሰኞም ይሄንኑ ነው የምናገረው።"

ጢማሙ ሰውዬ ጡጫውን ጨበጠ፣ ፈታ፣ ምን እንደሚያደርገው ጠፋበት። ዌይድ እንደ ሞኝ አፉን ከፍቶ አሠሪውን ያያል። ኖላን ወደ ዴላ ዞረ።

"ረቡዕ ጠዋት ዌይድ የት ነበር ታዲያ?"

"ዓሣዋን ማን ገደላት ነው ያልከኝ። መልስህ ያውልህ።"

ኖላን ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ደግሞ አልጠየቀም።

ሰዎቹን ሰንጥቃ ወደ ጠረጴዛው የቀረበችው ወይዘሮ ፋርስታድ ነበረች። ከሽማግሌው ፊት ለፊት ቆመች።

"ሰኞ ተቃውሜ እናገራለሁ" አለችው። "ጠለፋ ይቅር እላለሁ። አንተን ምስክር አድርጌ እጠራለሁ።"

"ጥሪኝ። እመጣለሁ።"

"አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። በዚህ ወንዝ ላይ እውነት ሲነገር የሰማሁት ከዓሣ አጥማጅ አፍ ነው እላለሁ።" ከዘራዋን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አንድ ቁራሽ ፓይ አነሳች። ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። "ስኳር አንሶታል ገርት።"

"ራሴ ነው የጋገርኩት።"

"ያስታውቃል።"

ጆሌን ሳቀች። ሳቋ እንደ ሳል ነው የወጣው፣ ግን ሳቅ ነበር። ዌይድ መጥቶ ሁለት ቁራሽ ወሰደ፣ አንዱን ለሚስቱ። ከዚያ ጢማሙ። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ ኮፍያቸውን እያወለቁ። ኖላን ክሩግ መጨረሻ ላይ መጣ። "ክሱን ነገ ጠዋት አመጣልዎታለሁ" አለ ለሽማግሌው፤ እንዲህ ሲል የራሱ ኮፍያ እጁ ላይ ነበር።

"ይገባኛል" አለ ገርት።

ሁሉም ሲበላ ሽማግሌው ብቻውን ወደ ጣቢያው ሄደ። ዴላ ከኋላው በዓይኗ ተከተለችው። ከበሩ ጎን ባልዲው ቆሟል። ገርት መሐረቡን ፈታ፣ አጥንቷን መዳፉ ላይ ትንሽ ያዛት፣ ከዚያ እጁን ባልዲው ውስጥ እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ ድምፅ እንዳታሰማ፣ ከሌሎቹ መካከል አስቀመጣት።